በሰመመን የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ

የተጠየቅኩት ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ጡረታ ስወጣ በቦታዬ የተተካው ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ዮናስ ይባላል፣ የሂፕኖሲስን መሠረታዊ መርሆችና ዘዴዎች በአጭሩ እንድጽፍለትና ለሠልጣኞቹ አባዝቶ እንዲሰጣቸው ለመነኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩት።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጠዋት ወረቀቱን አወጣለሁ፣ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ እነሣለሁ። በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ከዚያ ነጠላዬን ደርቤ እወጣና ከዚራ ሰፈርን ከዳር እስከ ዳር በእግሬ እዞራለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ስለለመዱኝ አሁን አሁን ወዴት ነሽ ማለቱን ትተውታል። ተመልሼ ስቀመጥ ጠዋት የጻፍኩትን እሰርዛለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳረጋጋ የኖርኩ ሴት ራሴ አንድ ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። አንዱን ዘዴ መጻፍ ስጀምር ያስተማሩኝ ሰው ፊቴ ይቆማሉ። አንዱን ክልከላ ስጀምር ደግሞ የበደልኳት ሴት ትመጣለች። ስለዚህ ሁለቱን ገጽ ትቼ የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው። ዮናስ የሚጠቅመውን ይምረጥ።

አባቴ የባቡር መካኒክ ነበሩ። የተወለድኩት ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፣ ያደግኩትም አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ግቢ በሚነገርበት ሰፈር። ነርስነት ተምሬ ስጨርስ ሆስፒታል ቁስል ማጠቢያ ክፍል ተመደብኩ። ደሞዙ ብዙ የሚወራለት አልነበረም፣ ክፍሉም ማንም የማይፈልገው ነበር። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ጩኸት ነው። የተቃጠለ ሰው ቁስል በየቀኑ መታጠብ አለበት፣ ማደንዘዣው ደግሞ በየቀኑ አይሰጥም፣ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ አይኖርም። እኔ የዋህ ስለነበርኩ ቶሎ ከጨረስኩ ሕመሙ የሚያጥር ይመስለኝ ነበር። እጄ ይጣደፋል፣ ሰውየው ይጮሃል፣ እኔ ይብስ እጣደፋለሁ።

አንድ ቀን የገንደ ቆሬ ሰፈር ዳቦ ጋጋሪ፣ ገብሬ የሚባል፣ ክንዱ እስከ ትከሻው ተቃጥሎ መጣ። በሦስተኛው ቀን ገና ፋሻውን ሳልነካው ከአልጋው ወርዶ በሩን ያዘ። አልመለስም አለ። ያን ጊዜ ከቀዶ ሕክምና ክፍል አቶ በድሩን ጠሩልኝ።

አቶ በድሩ የሐረር ሰው ናቸው፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ። ሂፕኖሲስን ከብዙ ዓመት በፊት አብረዋቸው ይሠሩ ከነበሩ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ተምረውታል። እኔ ስለ ነገሩ የማውቀው ከሰው አፍ የሰማሁትን ብቻ ነበር፤ ዓይን ዓይን አይተው የሚያስተኙ፣ ምስጢር የሚያስለፈልፉ፣ ከድግምት የማይለይ ነገር። እሳቸው ግን ገብተው መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። ጣታቸውን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ገብሬ እያያቸው አደረቁ። ከዚያ በርጩማ ስበው ከሱ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ሥራውን በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከታማሚ በላይ ሆነው ሲያነጋግሩ አላየኋቸውም።

ሦስት ጥያቄ ጠየቁት። ምን ትፈራለህ፣ ደህና እንቅልፍ የተኛኸው መቼ ነው፣ ሙቀት ሲያንገበግብህ የት መሆን ትመኛለህ። ገብሬ ለመጨረሻው ሲመልስ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ለስላሳ የምትሸጥ ሴት አለች፣ ከምድጃው ሲወጣ ክንዱን በረዶ ሣጥኗ ውስጥ ይከታል፣ እሷም ትሰድበዋለች።

«እንግዲህ እዚያ ነው የምንሄደው» አሉት አቶ በድሩ። «እንቅልፍ አይደለም። ትሰማኛለህ፣ በፈለግክበት ሰዓት ዓይንህን ትገልጣለህ። ያልፈለግከውን አላደርግብህም፣ ባደርግም አይሆንልኝም።»

ግድግዳው ላይ የነበረች የቀለም ጠብታ እንዲያይ ነገሩት። እስኪደክመው ሲያያት ዓይኑ በራሱ ጊዜ ተከደነ። አቶ በድሩ ያን ጊዜ መናገር ጀመሩ፣ እኔም ዝግ ያለ ድምፅ ብቻ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ገባኝ። የሚናገሩት ሰውየው ትንፋሽ ሲያስወጣ ብቻ ነው። አየር ሲያስገባ ዝም ይላሉ፣ ሲያስወጣ አንድ ቃል ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ የሱን ትንፋሽ ተከተሉ፣ ከዚያ ቃላቸውን ቀስ በቀስ እያራራቁ ትንፋሹን ወደ ራሳቸው አመጡት። ከእግሩ ጣት ጀምረው ሰውነቱን እያላሉ ወደ ላይ ወጡ። ከአሥር ወደ ታች ቆጠሩ። ከዚያ የበረዶ ሣጥኑን ክዳን ከፈቱለት። ቅዝቃዜውን ከጣቱ ጫፍ አስጀምረው እስከ ትከሻው አደረሱት። በዓይናቸው ጠቀሱኝ፣ ፋሻውን ፈታሁ። ገብሬ አልጮኸም። አንድ ጊዜ ብቻ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ሴትዮዋ ስትሰድበው መልስ እየሰጣት ነበር መሰለኝ።

ስጨርስ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሰጡትን ሁሉ አንድ በአንድ መልሰው ወሰዱ። ቅዝቃዜውን ከክንዱ አወጡ፣ ክብደቱን ከዓይኑ አነሡ፣ ከአንድ እስከ አምስት ቆጥረው ዓይኑን አስገለጡት፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ ያለበትን ቦታ አስጠሩት። ክፍሉን ሁለት ጊዜ ሳይዞር እንዲወጣ አልፈቀዱለትም። «የሰጠሽውን ሳትመልሺ ሰው አትሸኚ» አሉኝ በኋላ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከተልኳቸው። የነርሶች ኃላፊያችን ነገሩን ባትከለክልም በካርድ ላይ ሂፕኖሲስ ብለን እንዳንጽፍ አዘዘችን፣ «የማረጋጋት ሥራ» እየተባለ ይጻፍ ነበር። በዚያ ስም ስንት ሰው እንዳለፈ አላውቅም። ጥርስ መነቀል የፈሩ፣ ምጥ ያስጨነቃቸው፣ መርፌ ሲያዩ የሚወድቁ።

አቶ በድሩ የሚያስተምሩት በንግግር ሳይሆን በማረም ነበር። «አያምህም» ስል ይይዙኛል፤ አእምሮ ከዚያ ቃል የሚያነሣው ማመሙን ነው፣ የሚሰማውን ንገሪው እንጂ የማይሰማውን አትንገሪው ይሉኛል። ታማሚ ለነገሩ ምን ያህል እንደሚመች ለማወቅ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን እጁን እንዲዘረጋ ያደርጉና በአንዱ መዳፍ ውኃ የሞላ ጀሪካን፣ በሌላው አንጓ ላይ ደግሞ ወደ ሰማይ የሚጎትት ፊኛ እንዳለ እንዲያስብ ያደርጉታል። የአንዳንዱ እጅ በደቂቃ ውስጥ ክንድ ያህል ይራራቃል። የአንዳንዱ ንቅንቅ አይልም። ለማይሆነው ሰው አይታገሉም፣ «ዛሬ አልሆነም» ብለው መርፌውን ያዘጋጃሉ። ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ላይ ደግሞ በጭራሽ አይሠሩም። ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ የደረሰን ሰው አረጋግተው ወደ ቤቱ እንዳይልኩት ይፈራሉ።

ከሁሉ በላይ የሚከለክሉት ግን ትዝታ ፍለጋን ነበር። አንድ ጊዜ ወርቅ የጠፋበት ነጋዴ ሚስቱን ይዞ መጣ፣ የት እንዳስቀመጠችው በሰመመን እንድታስታውስ ፈልጎ። አቶ በድሩ ሻይ ጋብዘው አሰናበቱት። ለምን እንዳልሞከሩ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ።

«ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ላንቺ ሲል ያያል። የሆነውን ብቻ አይደለም፣ የምትፈልጊውን ያይልሻል። ከዚያ እሱም ያምነዋል፣ አንቺም ታምኛለሽ። ማን ነው የሚለየው?»

ቃሉን በደብተሬ ጽፌዋለሁ። አውቀው ነበር ለማለት ነው ይህን የምነግራችሁ። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

እሳቸው ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ሥራ ተዉ። እኔ መልካ ጀብዱ ጤና ጣቢያ ጥቂት ዓመት ሠራሁ፣ ከዚያ ከዚራ ውስጥ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ስሜ በከተማው ወጣ። ከሰፈር ሰፈር «እሷ ጋ ሂዱ» ይባል ጀመር። የክሊኒኩ ባለቤት ለኔ ብቻ ክፍል ሰጠኝ፣ መጋረጃ አሰቀለልኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታው ከልክ አለፈ።

ደቻቱን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ደረቅ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይገበያይበታል፣ ያቋርጠዋል። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ተራራው ላይ ስለሆነ እዚህ ፀሐይ እያቃጠለች ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ዓመት የደረሰው ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነበር።

ሆዳን አሸዋው ላይ ልብስ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የሦስት ዓመት ልጇ ኢፍራ አብራት ነበረች። ባሏ ጉሌድ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ያን ቀን መንገድ ላይ ነበር። ሆዳንን ከብዙ ርቀት በታች የግራር ግንድ አቅፋ አገኟት። ኢፍራ አልተገኘችም። በሕይወትም፣ ሬሳዋም። ሆዳን ጎርፉ ሲያጓራ ከሰማችበት ሰዓት ጀምሮ ግንዱን እስካቀፈችበት ድረስ ያለው ነገር አንዱም ትዝ አይላትም።

እኔ ጋ የመጣችው ከአራት ወር በኋላ ነው፣ ስለ ትዝታው ግን አልነበረም። ቀኝ እጇ ተጨብጦ አልከፈት ብሎ ነበር። ልጇን ይዛበት የነበረው እጅ ነው። ጥፍሯ መዳፏን አቁስሎት፣ ሐኪሞች ፎቶ አንሥተው አጥንቱም ጅማቱም ደህና ነው ብለዋታል። አትተኛም፣ አትበላም። ጉሌድ ደግፎ አስገባት።

በዚያ እጅ ላይ የሠራሁት ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለው ነው። ቀኝ እጇን ተይው አልኩ ለራሴ። ከጤነኛው ከግራው ጀመርኩ። በሶማሊኛ፣ ስታስወጣ እየጠበቅኩ፣ ግራ እጇ ጨርቅ ያህል ቀሎ ከጉልበቷ ሲነሣ እንድትመለከተው አደረግኩ። ሲነሣ፣ ቅለቱ በትከሻዋ በኩል ዞሮ ወደ ወዲያኛው ክንድ ይሻገር አልኩ፤ ጊዜውንም እሷ ትምረጥ፣ ዛሬም ነገም ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛው አውራ ጣቷ ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱና መዳፏ ጉልበቷ ላይ ተዘረጋ። ጉሌድ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፍኖ አለቀሰ።

በሳምንቱ ብቻውን መጣ። ከቆመበት አልተቀመጠም።

«ሲስተር፣ እጇን ከፈትሽው» አለኝ። «አፏንም ክፈቺው። ልጄ የት እንደሄደች እሷ ናት የምታውቀው።»

አይሆንም አልኩት። በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን። የአቶ በድሩ ቤት ከክሊኒኩ በባጃጅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሄጄ ልጠይቃቸው ብዬ አስቤ ነበር። ያልሄድኩት ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው። ጉሌድ ሲለምነኝ የሰማሁት ልመናውን ብቻ አልነበረም፣ ከተማው ስለኔ የሚያወራውንም ጭምር ነበር። በአራተኛው ቀን አምጣት አልኩት።

ሆዳን በቀላሉ ገባች። ወደዚያ ከሰዓት መልሼ ወሰድኳት። የዘረጋችውን ልብስ ቀለም ነገረችኝ፣ የገዢዋን ሴት ክርክር ነገረችኝ። ጎርፉን የከባድ መኪና ድምፅ መስሏት ነበር። ልጇን በቀኝ እጇ ጎተተቻት፣ ብድግ አደረገቻት። ከዚያ ቆመች። «ጥቁር ነው» አለች። ትንፋሿ አጠረ።

እዚያ ላይ መመለስ ነበረብኝ። ጥቁር ነው ካለች ጥቁር ነው። ጉሌድ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ መሬት ተቀምጦ ነበር፣ ዓይኑ ከኔ አይነቀልም። እኔም ጠየቅኩ።

«ልጅቷን ማን ተቀበለሽ?»

ማንም ተቀበለኝ አላለችም ነበር። ሰው የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ከኔ ነው የወጣው።

ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። ከዚያ ፊቷ ፈታ እያለ መጣ። ሰውዬ ነው አለች። ምን ዓይነት ስላት ነጭ ኮፍያ አድርጓል አለች። ወዴት ወሰዳት ስላት መኪና ላይ አለች። መኪናው ወዴት ስል ወደ ሁርሶ መንገድ አለች። ዓይኗን ስትገልጥ ከጎርፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ ነበር። ሁለቱም ጉልበቴን ካልሳምን አሉ።

ጉሌድ መኪናውን ለሌላ ሾፌር አስረክቦ ፍለጋ ጀመረ። የኢፍራን ፎቶ በስልኩ ይዞ ሽኒሌን፣ ኤረርን፣ በመንገዱ ያሉትን መንደሮች ሁሉ አዳረሰ። ሆዳን አልፎ አልፎ እኔ ጋ ብቅ ትላለች፣ በመጣች ቁጥር የምትነግረኝ ይጨምራል። ሰውየው ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው። «አይዞሽ» ብሏታል። ኢፍራ በመስኮት እጇን አውለብልባለች። ይሄን ሁሉ በሰመመን ውስጥ አልነገረችኝም ነበር። በንቃቷ እየተጨመረ ነው። ትዝታ እንዲህ በየሳምንቱ እንደማያድግ አውቃለሁ።

ቢሆንም አልተናገርኩም። ምናልባት እውነት ቢሆንስ አልኩ። ቀን ሥራ ላይ ዕቃ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ታማሚ አስቀምጬ ዓይኔ በሩ ላይ ነው፣ የሆዳን ድምፅ የተሰማኝ እየመሰለኝ ንግግሬን አቋርጣለሁ። ትንፋሽ መከተል አቃተኝ። ጥያቄዬ ስህተት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ዝም ማለቴ ግን ከስህተት ያለፈ ነው።

በሰባተኛው ወር ጉሌድ ደወለ። ከሁርሶ ወጣ ባለች መንደር ኢፍራን አግኝተናታል አለ። ዕድሜዋ ልክ ነው፣ አጎቷ የተባለውም ሰው ነጭ ኮፍያ ያደርጋል። ልጅቷን የያዘችው ሩቂያ የምትባል ሴት ግን የወለድኳት ልጄ ናት፣ ስሟም ሰህራ ነው ብላ አልሰጥም አለች። ሆዳን የልጅቷን ቀሚስ ይዛ አልለቅም ብላለች። ሽማግሌዎች ሊቀመጡ ነው፣ ሆዳን ያየችውን የሰማሽ አንቺ ነሽና መጥተሽ ተናገሪ አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ቀጥታ አቶ በድሩ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ያኔ ከብርሃንና ከጥላ ሌላ አይለይም። ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ያልሽውን ቃል በቃል ድገሚልኝ አሉ።

«‹ልጅቷን ማን ተቀበለሽ› ነው ያልኩት።»

«ማርታ፣ ሰውየውን የፈጠርሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ምን ላድርግ አልኳቸው። ሂጂና በራስሽ አፍ ንገሪያቸው፣ ወረቀት አትላኪ፣ ሰው አትላኪ አሉ። አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ብመጣ የምትደበቂበት ሰው ታገኛለሽ።»

ማልጄ ሄድኩ። መንደሩ ዳር ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሩቂያ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ አጥብቃ ይዛታለች። ሆዳን አጠገቧ ተቀምጣ የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ በቀኝ እጇ ይዛለች። ሁለቱ ሴቶች አይተያዩም። ልጅቷ ብስኩት እየበላች አንዷንና ሌላዋን ታያለች።

ምንጣፉ ዳር ተቀመጥኩ። ማን እንደሆንኩ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ በሶማሊኛ ነገርኳቸው። ሆዳን ጥቁር ነው ብላ እንደቆመች፣ ሰው የሚለውን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ መልስ እንደሚፈጥር፣ እንደ እውነትም እንደሚያስታውሰው ነገርኳቸው። ይህን ቀድሞ እንደማውቅና ዝም እንዳልኩም ጨመርኩ። ጉሌድ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር፣ ትንፋሹ ይሰማኛል።

ትልቁ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «ታዲያ ይቺ ሴት ዋሽታለች?» አሉኝ።

«አልዋሸችም። አይታዋለች። ያሳየኋት እኔ ነኝ።»

ሆዳን ዞረችብኝ። «ታዲያ ልጄን ማን ወሰዳት?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ አባዮ፣ እኅቴ። ማንም ሳይወስዳት ቀርቶ ይሆናል።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ የልጅቷን ቀሚስ ለቀቀች። የለቀቀው እጅ ጉልበቷ ላይ አረፈ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ፣ ሦስት ቀን ፈጅቼ በፈታሁበት በዚያው ቅደም ተከተል፣ ተመልሰው ተጨበጡ። እኔ እያየሁ።

ሩቂያ ልጇን ይዛ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመልሳ ጎንበስ ብላ የሆዳንን ራስ ሳመች።

ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ በአንድ መኪና ነበርን። የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር «ሰባት ወር፣ ሲስተር» አለ ጉሌድ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለኢፍራ ሐዘን ተቀመጡ፤ እስከዚያ አልተቀመጡም ነበር። ሄድኩ። ሴቶቹ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፣ ሆዳን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ለክሊኒኩ ባለቤት የሆነውን ነገርኩት። በጽሑፍ ባይሰፍር ይሻላል አለኝ፤ እኔ በሆዳን ካርድ ላይ ጥያቄዬን ቃል በቃል ጻፍኩና ፈረምኩበት። ከዚያ መጋረጃውን አውርጄ አንድ ዓመት ሙሉ ቁስል ብቻ አጠብኩ። ስመለስ በሩን ከፍቼ፣ ሌላ ነርስ አስቀምጬ፣ ለሕመምና ለፍርሃት ብቻ እንጂ ለትዝታ አልሠራሁም። አቶ በድሩ በዚያ መካከል አረፉ። ከሁርሶ ተመልሼ ስነግራቸው ጥሩ አደረግሽ አላሉኝም፤ እጄን ይዘው ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ መድኃኒት ስደረድር ሆዳን በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ካየኋት ስንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ፀጉሯ በሻሿ ሥር ሸብቷል። ስኳር ይዟት እግሯ ቆስሎ፣ የሞተውን ሥጋ እየጠረጉ በየቀኑ ማጠብ ያስፈልጋል ተብላለች። መርፌ አልፈልግም ብላለች። ቀኝ እጇን አየሁ፣ ተከፍቷል። መቼ እንደተከፈተ፣ ማን እንደከፈተው አላወቅኩም። አልጠየቅኩም።

ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች።

«አባዮ፣ እንደ ድሮው አስተኚኝ» አለችኝ። «ግን አንድም ነገር አትጠይቂኝ።»

የኔ ሥራ የሚጀምረው በሦስቱ ጥያቄዎች ነው። ምን እንደምትፈራ፣ የት መሆን እንደምትፈልግ ሳላውቅ እንዴት እንደምወስዳት ግራ ገባኝ። እጄን ታጠብኩ፣ ጣቴን አንድ በአንድ አደረቅኩ፣ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ያለኝ ትንፋሿ ብቻ ነበር። ስታስወጣ አንድ ቃል፣ ስታስወጣ አንድ ቃል። ወደምትወጂው ቦታ ትሄጃለሽ፣ የት እንደሆነ ለኔ መንገር አያስፈልግሽም አልኳት። እግሯ ቀዘቀዘ። መጥረግ ጀመርኩ።

መሃል ላይ ራሷ መናገር ጀመረች፣ በሶማሊኛ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። አሸዋው ይሞቃል አለች። ጫማዋን አውልቃለች አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እየሮጠች ነው» አለች።

ወዴት? ጥያቄው ምላሴ ላይ ደረሰ። አንድ ቃል ነው። ጥርሴን ገጠምኩበት። መቆንጠጫውን አስቀምጬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሿን ቆጠርኩ። ሆዳን ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ከዓይኗ ዳር እንባ ወርዶ ወደ ጆሮዋ ሄደ፣ ፊቷ ግን አልተኮማተረም። ተውኩት፣ አልጠረግኩትም። ቁስሉን ጨርሼ አሰርኩ፣ ቅዝቃዜውን ከእግሯ መለስኩ፣ እስከ አምስት ቆጠርኩ።

ዓይኗን ገልጣ ፋሻውን አየች። ተነሥታ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ሳላዛት። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አልጠየቅሽኝም» አለች።

«አልጠየቅኩሽም።»

ሻሿን አስተካከለች። «ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?»

በሦስት ሰዓት ነይ አልኳት። በማግስቱ ከሁለት ሰዓት ጀምሬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።